የጠላ ጥንካሬ ከወዴት ይመጣል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ባለፈው ዕትም ስለ ጌሾ ያወጣነውን ጽሑፍ ስንዘጋ «ስለ ጠላ የምትጠይቁት ካለ ላኩልን» ብለን ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ፍልተር፣ ማለትም ጠንከር ብሎ ተጠምቆ፣ ተጠልሎ ስለሚቀርበው ጠላ። የታሪኩን ጥያቄ አስቀድመን ወደ ጓዳው እንገባለን። የሚመሳሰሉትን ደብዳቤዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

«ጠላ ስንት ዘመኑ ነው? አባቴ ከአክሱም ጀምሮ የነበረ ነው ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ የድሮው ጠላ ቀጭን እንደነበረ፣ የጠነከረው የፋብሪካ ቢራ ከመጣ ወዲህ በፉክክር እንደሆነ ይነግሩኛል።» (ከባሕር ዳር)

አባትዎ እውነት አላቸው፤ ማስረጃውም ድንጋይ ላይ ነው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በግእዝና በግሪክኛ ያስቀረጸው ጽሑፍ የቤጃን ዘመቻ ይተርካል። ያመፁት ስድስት የቤጃ አለቆች ከነሕዝባቸው፣ 4,400 ሰው ሆነው፣ ከአገራቸው ተነሥተው ሌላ ሥፍራ እንዲሰፍሩ ሲደረግ፣ አራት ወር በፈጀው ጉዞ ዳቦና ሥጋ እንደበሉ፣ ጠላ፣ ወይንና ውሃ እስኪረኩ እንደጠጡ ይናገራል። ጠላው የተጠቀሰው ለድግስ አይደለም፤ ከዳቦና ከውሃ ጋር በስንቅ ተራ ተቆጥሮ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ያን ያህል ጊዜ ለማጠጣት ብቅል የሚያበቅል፣ የሚፈጭ፣ የሚጠነስስ እጅ በየመንገዱ መኖር አለበት። ስለዚህ በኢዛና ዘመን ጠላ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተደራጀ ሙያ ሆኖ ነበር። በግእዝ ስሙ ስዋ ነው፤ ትግርኛ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራዋል። ኦሮምኛው ፋርሶ ይለዋል።

የጓደኞችዎ አባባል በከፊል ነው የሚያስኬደው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1915 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1922)፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ነው። «ፍልተር» የሚለው ቃልም ከፈረንጅ ቋንቋ የተወሰደ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ጥንካሬው ግን ከፋብሪካው አልመጣም። ሁለት ምስክር አለ። አንዱ የጎንደር አካባቢው ኮረፌ ነው። የተከካ ገብስ ሌሊቱን በውሃ ያድራል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል፣ ከጌሾ ቅጠል ጋር በሸክላ ዕቃ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ከድፍድፉ ተጨልፎ፣ ውሃ ተጨምሮበት አንድ ቀን አድሮ ይጠጣል። ሁለት ወር የሚቆይ ድፍድፍ ቀጭን ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ይበላሻል። ሁለተኛው ምስክር አረቄ ነው። አረቄ የሚወጣው ከድፍድፍ ነው፤ ድፍድፉ ውስጥ በቂ አልኮል ከሌለ ከማውጫው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ ጠንካራ ድፍድፍ መሥራት ታውቅ ነበር።

ፋብሪካው የለወጠው ሌላ ነገር ነው። በነገሥታቱ ግብር ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ለጭፍራው ይቀርብ ነበር፤ በዋንጫና በሽክና ስለሚጠጣ መጥራቱን የሚያይ የለም። ቢራ ጥርት ብሎ በብርጭቆ ሲመጣ ሰው መጠጡን በዓይኑም መመዘን ጀመረ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍተው «ጠላ አለ» የሚያሰኙት ጠላ ቤቶች ጉሹን ለጣሳ፣ የጠራውን ለብርጭቆ ለዩት። ፍልተር የድሮው ድፍድፍ ነው፤ ውሃው ተቀንሶለት፣ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ብርጭቆ የገባ።

«ጌሾ ባበዛሁ ቁጥር ጠላዬ መረረ እንጂ አልጠነከረም። አንዳንዱ ስኳር ጨምሪበት ይለኛል፤ አንዳንዱ አረቄ ጠብ አድርጊበት። ትክክለኛውን ልክ ከነአሠራሩ ብትነግሩኝ።» (ከደሴ፤ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶናል)

ይኼኛውን ዘርዘር እናደርገዋለን፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ጌሾ አልኮል አይሰጥም። ሥራው ሦስት ነው፦ ጌሾይዲን በሚባለው ንጥረ ነገር ያመርራል፣ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ወደኋላ ይይዛል፣ ቅጠሉ ላይ ያለው የዱር እርሾ መፍላቱን ያስጀምራል። አልኮል የሚሆነው የእህሉ ስታርች ነው። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰብረው ብቅል ነው፤ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ። ስለዚህ ለጥንካሬ የሚጨመረው እህል ነው፤ የሚቀነሰው ውሃ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ ነው።

ስኳር አልኮል ይጨምራል፣ እውነት ነው፤ ግን የእህሉ ጣዕም ሳይጨመር አልኮሉ ብቻ ስለሚጨምር ጠላው አፍ ላይ ይሳሳል፣ ውሃ ውሃ ይላል። አረቄ መጨመርን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። የሚጠጣው ሰው ጠላ መስሎት ልኩን ይስታል። ለቤትዎ እንግዳ የማይነግሩትን ነገር አያጠጡት።

ለ30 ሊትር ዕቃ የሚከተለውን ይያዙ፤ ለአረፋው ከላይ ባዶ ቦታ የግድ ያስፈልጋል፦ የደረቀ ጌሾ ቅጠል ዱቄት 400 ግራም፣ የገብስ ብቅል ዱቄት 1 ኪሎ ተኩል፣ ለቂጣ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት 3 ኪሎ፣ ለእንኩሮ የማሽላ ወይም የገብስ ዱቄት 3 ኪሎ። ውሃው በየደረጃው ይገባል፤ ሁሉም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን።

ዕቃው ይቀድማል። ጋን ከሆነ ውስጡን በግራዋ ቅጠል እሹት፣ ሦስት አራት ጊዜ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት። የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ጨምረው ጋኑን ከላይ ይድፉበት፤ ሩብ ሰዓት እስከ 20 ደቂቃ ይታጠን። ሲያነሡት ጢሱ እንዳያመልጥ አፉን ወዲያው ይክደኑ። ጢሱ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የተሸሸጉትን አበላሺዎች ያዳክማል። በወይራ ፈንታ ጥንጁት የሚያጥኑም አሉ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ሽታው ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጌሾውን በ4 ሊትር ውሃ ይጠንስሱ። ሦስት ቀን ይቆያል፤ በየቀኑ አንድ ጊዜ ይማሰል። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሲያዩ፣ ሽታው ከጥሬ ቅጠል ወደ ጎምዛዛ ፍራፍሬ ሲሄድ ጥንስሱ ደርሷል።

በአራተኛው ቀን ቂጣው ይጋገራል። ዱቄቱ ጠንከር ብሎ ይቡካ፤ እርሾ አያስፈልገውም። አንድ ጣት ውፍረት ያለው ቂጣ ሆኖ በመካከለኛ እሳት ሁለቱም ፊት ይብሰል። ቆርሰው መሐሉን ይዩት፤ ነጭና ሊጥ ሊጥ የሚል ከሆነ አልበሰለም። ጥሬው ስታርች ለብቅሉ አይታዘዝለትም፤ ዕቃው ሥር ተኝቶ ይቀርና አተላ ይሆናል። ጥቁር ሆኖ ያረረ ቦታ ካለ ፍቀው ይጣሉት፤ የማረር ምሬት ከጌሾ ምሬት ጋር አይስማማም፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቂጣው ሲበርድ በአውራ ጣት ልክ ቆራርሰው ከብቅሉ ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይጨምሩ፤ 4 ሊትር ውሃም ያክሉበት።

ከዚህ በኋላ ዕቃው ይናገራል። በማግስቱ ጆሮዎን ቢያስጠጉ እንደ ለስላሳ ዝናብ ሹሹታ ይሰማሉ፤ ቂጣው ወደላይ ተነሥቶ እንደ ክዳን ይሆናል። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማማሰያ ወደታች ይድፈቁት፤ ሳይነካ ከቆየ ላዩ ይደርቅና ይሻግታል። ሦስት ቀን ይበቃል።

በሰባተኛው ቀን እንኩሮው። የማሽላውን ዱቄት በ2 ሊትር ያህል ውሃ እርጥብ እርጥብ አድርገው እሹት፤ ሊጥ አይሁን፣ ፍርፍር ይበል። በምጣድ ላይ ሳያቋርጡ እያገላበጡ ያምሱት። ቀለሙን እዚህ ላይ ነው የሚወስኑት፤ ወርቃማ ሲሆን ካወጡት ጠላው ቀላ ይላል፣ ቡናማ ካደረጉት ጥቁር ጠላ ነው። የሚበዛው ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ነው። ሰው ይቸኩልና እንኩሮውን ትኩሱን ይጨምረዋል። እርሾው ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ መሞት ይጀምራል፤ ጠላው በዚያው ቀን ጸጥ ይላል። ሰፌድ ላይ በትነው እጅዎን ሲያስገቡ ሙቀት እስከማይሰማዎት ይጠብቁ።

እንኩሮው ገብቶ ሲታሽ ድፍድፍ ይባላል፤ ወፍራም ገንፎ መምሰል አለበት። አፉ ይታተም፣ ሰባት ቀን አይከፈት። የድሮ እናቶች በጭቃ ይመርጉታል፤ ጋኑ ስለሚተነፍስ ጋዙ መውጫ አያጣም። በፕላስቲክ በርሜል ግን ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ማጥበቅ አደጋ ነው፤ በርሜሉ ያብጥና ይፈነዳል። ንጹሕ ጨርቅ ደርበው አስረው ክዳኑን ላላ አድርገው ያኑሩት።

በመጨረሻ ውሃው ነው፤ የጠላው ስም የሚወጣውም በእሱ ነው። ለፍልተር 5 ሊትር ብቻ ጨምረው ያማስሉት፣ ሁለት ቀን ይተዉት፤ ዝቃጩ ወደታች ሲወርድ ከላይ በቀስታ እየቀዱ በሁለት ድርብ ሻሽ ያጥልሉ። ጨርቁን አይጭመቁት፤ ከጨመቁት የሚወጣው ዱቄት ነው፣ ጠላው ይደፈርሳል። በ5 ሊትር ፈንታ 10 ከጨመሩ ተራ የቤት ጠላ ነው። ፍልተሩን ከቀዱ በኋላ ድፍድፉ ላይ ድጋሚ 6 ሊትር ውሃ ቢጨምሩና ቢያሳድሩት ቅራሪ ያገኛሉ፤ ለጥም ጥሩ ነው፣ ግን በማግስቱ ማለቅ አለበት። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይይዛል፤ ፍልተር 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል፣ ጥሩ ድፍድፍ ሲሆን ያልፋል።

ስለ ብቅሉ አንድ ነገር እንጨምር፤ ከገበያ ሲገዙ ጥሬውን ያኝኩት። ጥሩ ብቅል ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ ወዲያው ይጣፍጣል። ራስዎ ካበቀሉት ገብሱን አንድ ቀን ውሃ እየለወጡ ይዘፍዝፉ፣ ኮባ ላይ አስጥተው ሸፍነው ሁለት ሦስት ቀን ይተዉት፣ ቡቃያው የፍሬውን ቁመት ሲያህል በፀሐይ ያድርቁት። በምጣድ ማድረቅ አይገባም። ስታርቹን የሚሰብረው ኢንዛይም በእሳት ይሞታል፤ ብቅል ተብሎ የሚጨመረው ያኔ ተራ ቆሎ ነው።

«የጠላዬን አልኮል በመለኪያ ለማወቅ ሃይድሮሜትር ገዛሁ፤ የሚያሳየኝ ቁጥር ግን ትርጉም አልሰጠኝም።» (ከአዲስ አበባ)

መሣሪያው አልተበላሸም፤ ለጠላ የተሠራ ስላልሆነ ነው። ቢራ ጠማቂ ስኳሩን በሙሉ አስቀድሞ አውጥቶ ይለካል፣ ከፈላ በኋላ ደግሞ ይለካል፣ ልዩነቱ አልኮሉን ይነግረዋል። በድፍድፍ ውስጥ ግን ብቅሉ ስኳር እያወጣ፣ እርሾው እኩል እየበላው ነው የሚሄደው፤ «መነሻ» የሚባል ልክ የለውም። የአረቄ መለኪያውም ጠላ ውስጥ ቢነከር ይሳሳታል፤ የቀረው ስኳርና ዱቄት ስለሚያንሳፍፈው ካለው ያነሰ ያሳያል። ትክክለኛው መንገድ የተለካ ጠላ በላብራቶሪ ተጣርቶ የወጣውን መለካት ነው። ለቤት ግን የእህሉንና የውሃውን ልክ በደብተር ይያዙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ለመድገም ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

«ፍልተሬ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ይኮመጥጣል። ሰርግ አለብኝ፤ ምን ላድርግ?» (ከአዳማ)

መጀመሪያ የትኛው ኮምጣጣነት እንደሆነ ይለዩ። ሁለት ዓይነት ነው። ምላስ ላይ እንደ እርጎ ለስለስ ብሎ የሚጎመዝዘው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ በየትኛውም ጠላ ውስጥ በልኩ አለ፣ ሲበዛ ጥንስሱ በሙቀት ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ የሦስቱን ቀን ጥንስስ ወደ ሁለት ያውርዱት። አፍንጫ የሚወጋው ደግሞ ኮምጣጤ ነው። እሱ ከአየር ይመጣል፤ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር አይሠሩም።

የእርስዎ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ሁለተኛው ነው። አንድ ትልቅ በርሜል ከፍቶ በጣሳ እየጨለፉ ሦስት ቀን መሸጥም ማስተናገድም ጠላውን ለአየር መስጠት ነው፤ ግማሽ ከሆነ በኋላማ ከጠላው በላይ ያለው ቦታ በሙሉ አየር ነው። ለሰርጉ ፍልተሩ እንደተጠለለ በ5 ሊትር ዕቃዎች እስከ አንገታቸው ይሙሉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አይክፈቱ። ክዳኑ ላላ ይበል፤ ጠላው መፍላቱን ገና አላቆመም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድፍድፉን አዘጋጅቶ ማቆየት፣ ውሃውን ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት መጨመር ነው። ድፍድፍ ይታገሣል፤ የተጠለለ ጠላ አይታገሥም።

የኮመጠጠውን መልሶ የሚያስተካክል ነገር የለም። ሶዳ ቢጨምሩበት ጨው ጨው ይላል፣ አረፋው ይሞታል። ለሚቀጥለው ጥንስስ ማስጀመሪያም አያድርጉት፤ በሽታውን ነው የሚያስተላልፉት። ዕቃውንም ድጋሚ ከማጠንዎ በፊት በፈላ ውሃ ይንከሩት።

«አምስት ቀን ሞላው፣ አልፈላ አለ። ብቅሉ ጥሩ ነው።» (ከደብረ ብርሃን)

ብርዱ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት እርሾው ያንቀላፋል። ዕቃውን ከሲሚንቶ ወለል አንሥተው ሣንቃ ላይ ያስቀምጡት፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፣ ከምድጃው ግድግዳ አጠገብ ያድርጉት። በአሠራሩ የሰጠነውን የጥንስስ ሦስት ቀን እርስዎ አምስት፣ የድፍድፉን ሰባት ቀን አሥር ያድርጉት። የፈላ ውሃ ጨምሮ ማሞቅ ግን ያለችውንም እርሾ መግደል ነው። የከተማ ቧንቧ ውሃ ሳያፈሉ ተጠቅመው ከሆነም ክሎሪኑ ያዘገየዋል።

«አሜሪካ ነው የምኖረው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ቤት ውስጥ ጠላ መጥመቅ ይፈቀዳል? ጋን የለኝም፣ ብቅልም አላገኘሁም።»

ለቤት ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ብቻውን በሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን (378 ሊትር ገደማ)፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ባለበት ቤት 200 ጋሎን (757 ሊትር ገደማ) ያለ ግብር መጥመቅ ይቻላል። መሸጥ ግን አይቻልም፤ ለማኅበር መዋጮ እየተቀበሉ መቅዳትም ከሽያጭ ሊቆጠር ስለሚችል ይጠንቀቁ። አረቄ ማውጣት ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ ያለ ፈቃድ በቤት ማውጣት በፌዴራል ደረጃ ወንጀል ነው።

በብቅል ፈንታ ከቢራ ጠማቂዎች ዕቃ መሸጫ «ፔል ሞልት» የሚባለውን ተራ የገብስ ሞልት ይግዙ፤ ኢንዛይሙ በደንብ አለ። «ካራሜል» ወይም የተቆላ ሞልት ቢሰጡዎት ቀለም እንጂ ሌላ አይሠራልዎትም። ስታርቹን አይሰብርም። ለዕቃ የምግብ ደረጃ ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ከነጋዝ ማስወጫው ይበቃል። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ ይቀልጣል፣ መጥፎ ሽታም ይይዛል። የሚታጠነው ትልቅ የማይዝግ ብረት ድስት ነው። ከቤት ውጭ፣ ፍም ላይ ይድፉት፣ ጥንስሱን እዚያ ያድርጉ፤ የጢሱ ጣዕም ከጥንስሱ ጋር ወደ ባልዲው ይሻገራል። የእኛ ወይራና የሜዲትራንያኑ ወይራ አንድ የዛፍ ዝርያ ናቸው፤ ስለዚህ ለሥጋ ማጨሻ የሚሸጠው የወይራ እንጨት ስንጥር ያገለግላል። ኬሚካል ያልነካው፣ ቀለም ያልተቀባ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

«ለንደን ውስጥ ለ25 ዓመት የሚቆይ ጠንካራ ኤል (የእንግሊዝ ቢራ ዓይነት) አየሁ። ፍልተርንስ እንደዚያ ማስቀመጥ አይቻልም?»

ያዩት ቶማስ ሃርዲ ኤል ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዝ አገር ዶርቼስተር ይገኝ የነበረው የኤልድሪጅ ፖፕ ጠመቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1968፣ ደራሲው ቶማስ ሃርዲ በሞቱ በ40ኛው ዓመት ያወጣው ነው፤ አልኮሉ 12 በመቶ ገደማ ነው። ጠመቃው እ.ኤ.አ. በ1999 ቆሞ፣ በኋላ በሌሎች ባለቤቶች ተመልሷል። የሚቆየው በሦስት ምክንያት ነው፦ አልኮሉ ከፍልተር እጥፍ ነው፣ ጭማቂው ከመፍላቱ በፊት ሆፕ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር ተቀቅሏል፣ ጠርሙሱ ታሽጓል። ፍልተር አይቀቀልም። ባክቴሪያውም እርሾውም በሕይወት አብረው ይኖራሉ፤ የጣዕሙ ውበት የመጣው ከዚያ ነው፣ ዕድሜው የሚያጥረውም በዚያው ነው። ጠላን ቀቅሎ ማሸግ ዕድሜ ይሰጠው ይሆናል፤ የሚወጣው ግን ጠላ አይባልም። በደንብ የተሞላና የቀዘቀዘ ፍልተር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን መልካም ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት የፈለገ ድፍድፉን ያቆይ።

«ጠላ ስጠጣ በማግስቱ ራሴን ያመኛል፤ ቢራ ግን አያመኝም።» (ከጎንደር)

ከሁሉ በፊት ልኩን ይመልከቱ፤ አንድ ጣሳ ጠንካራ ፍልተር ከአንድ ብርጭቆ ቢራ በጣም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ሳያልቅለት የተቀዳ ጉሽ ሆድ ውስጥ ገብቶም ይፈላል፣ ያነፋል። ሦስተኛውን ግን በቸልታ አይለፉት። የሻገተ ማሽላ ወይም በቆሎ ርካሽ ነው፣ ሲታመስ ሽታው ይጠፋል፣ መርዙ ግን ሙሉ በሙሉ በእሳት አይጠፋም። አፍላቶክሲን ይባላል፤ ጉበት ይጎዳል። እህሉን ሳይፈጭ በእጅዎ ዘግነው ይዩት፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ፣ የጓዳ ሽታ ካለው ለጠላም ለከብትም አይሁን። ቂጣውም ሳይደርቅ ተከምሮ ካደረና ጸጉር ካበቀለ ሻጋታውን ፍቆ መጨመር አይጠቅምም፤ ሥሩ ውስጥ ገብቷል።

«አተላውን ለወተት ላሜ ብሰጣት ይጎዳታል?» (ከሰበታ)

በልኩ ከሆነ አይጎዳትም፤ ጥሩ መኖ ነው። ከገለባና ከድርቆሽ ጋር ቀላቅለው በትንሽ ይጀምሩ፤ ሆዷ እስኪለምደው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያሳድጉት። የፍልተር አተላ ብዙ አልኮል ስለሚይዝ በቀጥታ አይስጧት፤ ቅራሪው ከወጣ በኋላ ያለው ይሻላል። በሞቃት ወቅት ከሁለት ቀን በላይ የቆየውን፣ ላዩ የሻገተውን ይድፉት።